ከ65ቱ ወንበር 35ቱ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፦ የጅቡቲ ተቃዋሚዎች ዕድል

ጥያቄ፦ «ጅቡቲ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከአገሬው ሰው ጋር ስንጫወት ቅሬታው ብዙ ነው፤ ሥራ የለም፣ ኑሮ ተወደደ፣ ሥልጣን ከአንድ ቤት አልወጣም ይላሉ። ምርጫ ሲመጣ ግን ገዢዎቹ ጠራርገው ይወስዳሉ። በ2023 ከ65ቱ የፓርላማ ወንበር 58ቱን ያዙ። በ2028 ተቃዋሚዎች ዕድል ይኖራቸዋል? ወይስ ‹አንሳተፍም› የሚሉት ልክ ናቸው?»

ምላሽ፦ ዛሬ ባለው ሁኔታ አብላጫ ወንበር የማግኘት ዕድላቸው በጣም ጠባብ ነው። ይህን ስል ግን ድጋፍ የላቸውም ማለቴ አይደለም። በጅቡቲ የተቃዋሚው ድምፅ ብዙ ጊዜ ተቆጥሯል፤ ወንበር ግን አልሆነም። ድምፅ እንዴት ወንበር እንደሚሆን ካላየን የሚሰሙት ቅሬታና የሚያዩት ውጤት ለምን እንደማይገጥሙ አይገባንም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ። በአገራችን «ተፎካካሪ ፓርቲ» ማለት ተለምዷል፤ ለጅቡቲ ግን «ተቃዋሚ» የሚለውን እጠቀማለሁ፤ በሕግ ፊት እንኳ እኩል ቆመው ያልተፎካከሩ ወገኖች ስላሉበት።)

ጅቡቲ በ1977 ከፈረንሳይ ነጻ ወጣች። ከ1981 ጀምሮ በአንድ ፓርቲ ተገዛች። በ1991 መጨረሻ ፍሩድ የተባለው የአፋር አማጽያን ግንባር የትጥቅ አመጽ ሲያነሳ ፕሬዝዳንት ሐሰን ጉሌድ በ1992 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ለአራት ፓርቲዎች ብቻ ተፈቀደ። ያኔ የመጣው የምርጫ ሕግ የሚከተለውን ይል ነበር፦ አገሪቱ በጥቂት ትልልቅ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ ፓርቲዎች በየክልሉ ሙሉ የዕጩ ዝርዝር ያቀርባሉ፤ በክልሉ አንደኛ የወጣው ዝርዝር የክልሉን ወንበር በሙሉ ይወስዳል። ሁለተኛው ምንም አያገኝም።

በእኛ አገር አንድ ወረዳ ላይ አንድ ሰው አሸንፎ ሌላው ይቀራል፤ የተሸነፈው ፓርቲ በሌላ ወረዳ ሊካስ ይችላል። በጅቡቲ ግን ከሠላሳ በላይ ወንበር በአንድ ጊዜ የሚታፈስበት ክልል ነበረ። በ1992 ሩብ ያህሉ መራጭ ለተቃዋሚ ድምፅ ሰጠ፤ 65ቱም ወንበር ለገዢው አርፒፒ ሆነ። በ1997 ከፍሩድ የታረቀው ክንፍ ከአርፒፒ ጋር ተጣምሮ ቀረበና አሁንም 65ቱም ተወሰዱ።

የ2003ቱ ምርጫ ከሁሉም ይልቅ ያሳዝነኛል። አሕመድ ዲኒ ከነጻነት ማግስት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በኋላም ጫካ የገባውን የፍሩድ ክንፍ የመሩ አንጋፋ ሰው ናቸው። በ2001 የመጨረሻውን የሰላም ስምምነት ፈርመው ጠመንጃውን አስቀመጡ። የአራት ፓርቲ ገደቡም በ2002 አበቃ። ተቃዋሚዎችን አሰባስበው ወደ ምርጫ ገቡ። ይፋው ውጤት 62.7 በመቶ ለገዢው ጥምረት ዩኤምፒ፣ 37.3 በመቶ ለእሳቸው ወገን ነበር። ከአሥር መራጭ ወደ አራት የሚጠጋው ደገፋቸው። ወንበር ግን 65 ለ0። አሕመድ ዲኒ በ2004 አረፉ፤ በጠመንጃ ፋንታ የመረጡት ካርድ አንድም ተወካይ ሳያስገኝላቸው። የ2008ቱን ምርጫ ተቃዋሚዎች ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ ዩኤምፒ ብቻውን ሮጦ ብቻውን ገባ።

ይህ በጅቡቲ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሌሶቶ በ1998 ምርጫ አደረገች፤ አሸናፊው ፓርቲ በ60 በመቶ ድምፅ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ሕጉን ቀየሩ፦ 80ው ወንበር እንደ ድሮው በየወረዳው ይቀራል፤ ሌላ 40 ተጨምሮ ድምፃቸው ወንበር ላጣ ፓርቲዎች ማካካሻ ይሆናል። በ2002 በአዲሱ ሕግ ሲመረጥ ገዢው ፓርቲ ከወረዳዎቹ 77ቱን ቢያሸንፍም ተቃዋሚው በማካካሻው ፓርላማ ገባ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ተቃዋሚዎች ተጣምረው መንግሥት መሠረቱ። ሰው ያው ሰው ነበር፤ የተለወጠው ድምፁ የሚሰፈርበት ቁና ነው።

ጅቡቲም ሕጓን ቀይራለች፤ በጣም በመቆጠብ። በየካቲት 2011 የዓረቡ ዓለም ተቃውሞ እሷም ዘንድ ደርሶ ሰው አደባባይ ወጣ፤ በኃይል ተበተነ። በ2012 የዋና ከተማዋን የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ከገዢው ጥምረት ውጪ የሆነ ዝርዝር አሸነፈ። በዚያው ዓመት የፓርላማ ምርጫ ሕጉ ተሻሻለ፦ በየክልሉ አንደኛ የወጣው ዝርዝር 80 በመቶውን ወንበር ይወስዳል፤ ቀሪው 20 በመቶ ከ10 በመቶ በላይ ድምፅ ላገኙ ሌሎች ይከፋፈላል። ክልሎቹ ስድስት ናቸው፦ ጅቡቲ ከተማ፣ አሊ ሳቢህ፣ ዲኪል፣ ታጁራ፣ ኦቦክና አርታ። ትንሹ ሦስት ወንበር አለው። ዋና ከተማዋ 35።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስሉ። የ35 ሃያ በመቶ 7 ነው፤ ሰማንያ በመቶው 28። በዋና ከተማዋ አንደኛ የወጣ 28 ወንበር ያገኛል፤ ሁለተኛ የወጣ፣ በአንድ ድምፅም ቢሸነፍ፣ ከ7 አያልፍም።

በየካቲት 2013 ተቃዋሚዎች «የብሔራዊ መዳን ኅብረት» በሚል ስም ተሰባስበው ገቡ። ዳሄር አሕመድ ፋራህ ከቤልጅየም ስደት ለዚሁ ብለው ተመለሱ፤ ፓርቲያቸው በ2008 በአዋጅ የታገደ ስለነበር በኅብረቱ ጥላ ሥር ነበር የሠሩት። የጅቡቲ ከተማ ሰፊ ሠፈር የሆነችው ባልባላ በሰው ተጥለቀለቀች። ይፋው ውጤት ለዩኤምፒ 61 በመቶ ግድም፣ ለኅብረቱ 36 በመቶ ያህል ሰጠ፤ ወንበሩ 55 ለ10 ሆነ። በዋና ከተማዋ ግን ይፋው ቆጠራ ራሱ ሁለቱን በጥቂት መቶኛ ነጥብ ብቻ ነበር የለያቸው። ኅብረቱ «ያሸነፍነው እኛ ነን፣ ተሰረቅን» አለ፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አቤቱታውን ጣለው።

ማን ልክ እንደነበር ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ይፋውን ቁጥር እንዳለ ልቀበለውና አንድ ነገር ላሳይዎት። ዋና ከተማዋ ላይ ያቺ ጥቂት ነጥብ ወደ ሌላው ወገን ብታጋድል፣ 21 ወንበር ከዩኤምፒ ወጥቶ ለኅብረቱ ይሆን ነበር። 55 ለ10 የነበረው 34 ለ31 ይሆናል። በሌሎቹ ክልሎች አንድም ሰው ሐሳቡን ሳይቀይር!

ለዚህ ነው በሩ አንድ ነው የምለው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር በሙሉ እንደወሰደ እናስታውሳለን። አገር ጉድ አለ። ግን 23 ከ547 ውስጥ አራት በመቶ ናት፤ አዲስ አበባን ማሸነፍ ፌዴራል መንግሥቱን አያስገኝም ነበር። በጅቡቲ ዋና ከተማዋ ከፓርላማው ከግማሽ በላይ ናት። ከ28ቱ ላይ ከአምስቱ ክልሎች በድምሩ አምስት ወንበር ቢገኝ 33 ይሞላል፤ እሱም አብላጫ ነው። ለአሸናፊው እንዲያደላ የተሠራው ሕግ በጠባብ ልዩነት ለተቃዋሚውም ሊያደላ ይችላል። ገዢዎቹም ይህን ያውቁታል፤ ከ2013 በኋላ የሆነውን ሁሉ በዚህ ዓይን ይዩት።

ከ2013 በኋላ የተመረጡት የኅብረቱ ሰዎች ፓርላማ አንገባም አሉ፤ እስርና ድብደባ በዛ። በታኅሣሥ 30 ቀን 2014 መንግሥትና ኅብረቱ የማዕቀፍ ስምምነት ፈረሙ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ ሁለቱ ወገኖች በእኩል የሚወከሉበት እንዲሆን፣ ተቃዋሚም ሕጋዊ ከለላ እንዲያገኝ። ተወካዮቹ ፓርላማ ገቡ። ስምምነቱ ግን በዋናው ነጥብ ላይ ሳይፈጸም ቀረ። በታኅሣሥ 2015 በባልባላ፣ ቡልዱቆ በተባለው ቦታ፣ በሃይማኖታዊ ስብሰባ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰው ሞተ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2016 የፕሬዝዳንት ምርጫ ኅብረቱ ለሁለት ዕጩ ተከፈለ፤ ፕሬዝዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ 87 በመቶ አገኙ ተባለ። በ2018ና በ2023 ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም። በ2023 ተቃዋሚ ሆኖ ወንበር ያገኘው የዴሞክራሲና የፍትሕ ኅብረት የተባለው ፓርቲ ብቻ ነው፤ በአገር ደረጃ ከ7 በመቶ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ሰባት ወንበር ወሰደ። ሰባት። በዋና ከተማዋ ለሁለተኛ የሚቀመጠውን ድርሻ አስታወሱ? ልክ ያችው ናት። ትልልቆቹ በቤታቸው ሲቀሩ በሕጉ የተዘጋጀውን ቦታ የመጣው ሰው ያዘው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሂድ። አንሳተፍም የሚሉትን አልወቅስም። በ2014 በፊርማ የተገባላቸው ሳይፈጸም፣ ወገናቸው ሲታሰር፣ የመራጭ ካርድ በአግባቡ አይታደልም እያሉ ሲከራከሩ፣ «ገብታችሁ ተሸነፉ» ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን እንደ ምርጫ ሥርዓት አጥኚ መናገር ያለብኝ አለ። በ2008 ቀሩ፤ ሕጉን ያስለወጠው መቅረታቸው አልነበረም። ለውጡ የመጣው ከ2011ዱ አደባባይና ከ2012ቱ ማዘጋጃ ቤት በኋላ ነው። በ2018 ቀሩ፤ ምንም አልተለወጠም። በ2023 ቀሩ፤ ምንም አልተለወጠም። መቅረት ዋጋ የሚኖረው የቀረውን ሰው በአንድ ቃል የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሲኖር ነው። ያ ድርጅት ደግሞ በየአምስት ዓመቱ ምርጫ ውስጥ ካልሠራ ይሟሟል፤ ታዛቢ የሚሆነው ወጣት ይሰደዳል፣ የቀበሌው ሰው ስሙን ይረሳል። በእኔ አስተያየት የ2018ቱ መቅረት የ2013ቱን ጉልበት በከንቱ አፈሰሰው።

ግቡ ካልኩ ደግሞ እንዴት እንደሆነ መናገር አለብኝ። ጋምቢያን ይመልከቱ፤ ከሁለት ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት፣ ያህያ ጃሜህ 22 ዓመት የገዛት አገር። በታኅሣሥ 2016 ተቃዋሚዎች አዳማ ባሮው በሚባሉ ብዙም በማይታወቁ ሰው ዙሪያ ተጣመሩ። ያገኙት 43 በመቶ ግድም ነበር፤ ጃሜህ 40 በመቶ አልሞላም። ስለ ጥምረቱ ሁሉም ይናገራል፤ እኔ የምጨምረው ድምፁ የተቆጠረው እዚያው በምርጫ ጣቢያው፣ በታዛቢዎች ፊት መሆኑን ነው። መራጩ ብይ በቀለም በተለየ በርሜል ይከታል፤ ማታውን እዚያው ይቆጠራል፤ የጣቢያው ውጤት ተፈርሞ በየሰው እጅ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማዕከል ላይ ቁጥር መቀየር አስቸጋሪ ነው። ጃሜህ መጀመሪያ ሽንፈታቸውን ተቀብለው በኋላ ቢክዱም ቁጥሩ በሁሉም እጅ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለክህደቱ ጆሮ አልሰጡም፤ በጥር 2017 አገር ለቀው ወጡ። በሚያዝያው የፓርላማ ምርጫ ለዓመታት ተቃዋሚ የነበረው ዩዲፒ ከ53 ተመራጭ ወንበር 31ን ወሰደ።

እርስዎ የሚሰሙት የመብራዝ ቅሬታ (መብራዝ ተሰብስበው ጫት የሚቅሙበት ቤት ነው፤ ጫቱ ከእኛው አገር በየቀኑ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ፖለቲካው መብራዝ ውስጥ ነው የሚወራው) እንደዚህ ያለ ወረቀት ሆኖ ካልወጣ ቅሬታ ሆኖ ይቀራል። ለጅቡቲ ተቃዋሚ ወሳኙ ጥያቄ «በዋና ከተማዋ በእያንዳንዱ ጣቢያ እስከ ማታ የሚቆም፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይዞ የሚወጣ ሰው አለን?» የሚለው ነው። ዋና ከተማዋ ትንሽ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማቸዋል፤ አገር ምድሩን መሸፈን አይጠበቅባቸውም። በ2013 ያጡት ይህን ነበር ብዬ አምናለሁ። ተሰረቅን ብለው ጮኹ፤ የሰውን ዓይን የሚያስከፍት፣ በጣቢያ በጣቢያ የተደረደረ ማስረጃ ግን በዚያው ሳምንት ይዘው አልወጡም።

ሌላው መሰናክል ገንዘብ ነው። የጅቡቲ መንግሥት የሚኖረው ከዜጋው ኪስ በሚወጣ ግብር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያን፣ ከ2017 ወዲህም የቻይና የጦር ሰፈሮች አሉ፤ ከነዚህ ኪራይ ይገባል። ወደቡ አለ፤ የወደቡ ዋና ደንበኛ ደግሞ እኛ ነን። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ ለረጅም ጊዜ በዚያ በኩል ሲያልፍ ኖሯል፤ በጋላፊ የሚሄደው መኪናና በ2016 የተመረቀው ባቡር ይመሰክራሉ። ይህ ገቢ በመንግሥት እጅ ያልፋል፤ ሥራም፣ ፈቃድም፣ ኮንትራትም ከዚያው ይታደላል። የመንግሥት ሠራተኛው ወይም ከወደቡ ጋር ተያይዞ የሚኖረው ሰው ልጁን እያሰበ ድምፅ ይሰጣል። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑም የመንግሥት ነው፤ ተቃዋሚው ድምፁን የሚያሰማው ከአውሮፓ በኢንተርኔት ነው። ጦር ሰፈር ያላቸው አገሮች መረጋጋቱን ነው የሚፈልጉት፤ የእኛም መንግሥት ከዚያ የተለየ ፍላጎት አላሳየም። ለወደብ ስንል ስለ ጎረቤታችን ሕዝብ ዝም ማለታችን ያስቆጨኛል። አንድ መቶ ሃያ ሚሊዮን ሰው የሚበላው ስንዴ በእጁ የሚያልፍ የወደብ ሠራተኛ ስለ መንግሥቱ የሚለው ነገር እኛንም ይመለከተናል።

መፈናፈኛ ከየት ሊመጣ ይችላል ካሉኝ፣ ከገዢው ቤት ውስጥ እላለሁ። የቦትስዋና ዴሞክራቲክ ፓርቲ ከ1966 ጀምሮ 58 ዓመት ገዝቶ በጥቅምት 2024 ወደቀ። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ኢያን ካማ ከተተኪያቸው ተጣልተው ከፓርቲው ወጥተው ነበር፤ የአልማዝ ገቢውም ቀነሰ። ፓርቲው 30 በመቶ ግድም ድምፅ ይዞ ከ61 ወንበር አራት ብቻ አገኘ። ለዘመናት ሲጠቅመው የኖረው አሸናፊን የሚያገንን ሥርዓት በአንድ ሌሊት ዞረበት። የጅቡቲም ሥርዓት አሸናፊን ከዚያ በባሰ ያገንናል።

ጌሌ በኅዳር 1947 የተወለዱ ናቸው። በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ተነሣ፤ በ2025 ደግሞ ፓርላማው የ75 ዓመት የዕድሜ ጣሪያውን አነሣው። ይህ የሚያሳየው የተተኪው ጥያቄ እንዳልተፈታ ነው። ዩኤምፒ ራሱ አንድ ፓርቲ አይደለም፤ አርፒፒ፣ የታረቀው ፍሩድና ሌሎች ትናንሾች የተጣመሩበት ነው፤ የኢሳና የአፋር ሚዛንም በውስጡ ይጠበቃል፦ ፕሬዝዳንቱ ከአንዱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሌላው። ሚዛኑን የያዘው የአንድ ሰው እጅ ነው። በዝርዝር በሚመረጥ አገር ደግሞ ትልቁ ጠብ የሚነሣው ዝርዝሩ ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ነው። ለዋና ከተማዋ 35 ስም ሲጻፍ የተቀየመ ወገን የራሱን ዝርዝር ይዞ ቢወጣ፣ ዩኤምፒ አንደኛነቱን ሊያጣ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሳስትዎ። ተቃዋሚው 33 ወንበር ቢያገኝ እንኳ መንግሥት አይመሠርትም። ጅቡቲ ፕሬዝዳንታዊ አገር ናት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን የሚሾሙት ፕሬዝዳንቱ ናቸው፣ ተጠሪነታቸውም ለእሳቸው ነው። ፓርላማው በጀት ያጸድቃል፣ ሕግ ያወጣል። ቢሆንም የዕድሜ ጣሪያውን ያነሣው እሱ ነው፤ በዚያ አዳራሽ እምቢ የሚል ሲሶ ቢኖር ኖሮ የ2025ቱ ውሎ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እርስዎ እዚያው ስለሆኑ ከእኔ በተሻለ የሚያዩት አለ። ከ2028 በፊት የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ከመጣ፣ ከዩኤምፒ ውጪ ያለ ዝርዝር ዋና ከተማዋ ላይ ይቀርብ እንደሆነ ይዩ፤ በ2012 ነገሩ የተጀመረው እንዲያ ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ አባላት ሲሰየሙ ተቃዋሚው ስንት መቀመጫ እንደተሰጠው ይጠይቁ። የመራጭ ካርድ ሲታደል የባልባላ ሰልፍ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ስንቱ ካርዱን ይዞ ስንቱ ባዶ እጁን እንደሚመለስ አብረዎት ከሚሠሩት ይስሙ።